የብሳናው ሥር አውጫጭኝ

ባለፈው ሰሞን የቀበሌያችን ሰዎች ቤቴ ድረስ መጡ። ለሰፈር ጥበቃ የሚታጠቁ ጎረምሶች ተመልምለዋልና «ሻምበል ባሻ፣ እርስዎ የጥንት ፖሊስ ነዎት፤ የመሣሪያ አያያዝና የፍተሻ ሥርዓት ያስተምሩልን» አሉኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ስኳርም ይዘው ነበር። ስኳሩን ተቀብዬ ጥያቄውን እምቢ አልሁ። ወገቤን አሳበብሁ። ወገቤን እውነትም ያመኛል፣ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ፊት ለፊት ልነግራቸው ስላልቻልሁ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ፖሊስ የሆንሁት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ወረኢሉ ነበር። እዚያ የነበሩት መቶ አለቃ ሰላምታ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ የበሬ ሌባ ቢያመልጠን ብዙም አይከፋቸው፣ ኮቱን ያልቆለፈ ወታደር ካዩ ግን ያን ቀን ምሳ አይበላላቸውም። ከእሳቸው ቀጥ ብሎ መቆምን ተማርሁ፤ ሌላ የተማርሁት ትዝ አይለኝም። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርሁ። ደመወዙ ይዘገያል፣ ጫማው አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይቀራል፤ ይኸን የማያውቅ የዘመኔ ፖሊስ የለምና አልደጋግመውም። መካነ ሰላም ላይ ግን ሃምሳ አለቃ እንድሪስን አገኘሁ። ፖሊስነት የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ሃምሳ አለቃ እንድሪስ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፋቸው የወይራ መፋቂያ የማይለይ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ለማነጋገር ሲደርሱ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። አዲስ ሳለሁ ይኸ ነገር አስፈርቶኝ «ሃምሳ አለቃ፣ ቢነጥቁንስ?» አልኋቸው።

«ጌታነህ፣ ጠመንጃው አጠገባችን ካለ እሱ ነው የሚናገረው። ሰውየው ለሱ ነው የሚመልስለት። እኔ ደግሞ ሰውየውን ነው የምፈልገው» አሉኝ።

የሚታወቁት ግን በአውጫጭኝ ነው። ዛሬ ቃሉን የማያውቅ ስለሚበዛ ላስረዳ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠልና አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። ባል የሞተባትም ሴት የቤቷ አባወራ ናትና ትመጣለች። ቄሱም ሸሁም አይቀሩም። ሁሉም ያየውንና የሰማውን ላይደብቅ ይምላል። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሳ ዛፍ ሥር ወደተቀመጠው ጠያቂ ይሄዳል፤ የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። የተናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፍ ስሟ አይነገርም፣ ቃሏም ከዛፉ ሥር አይወጣም። ጠያቂውም ከጎኑ የሚቆመውም በዚህ ይምላሉ። ከሃምሳ አለቃ ጎን የምቆመው እኔ ነበርሁ።

የሳቸው ጥበብ በሰዓቱ ላይ ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው «አላየሁም አልሰማሁም» ብሎ ወዲያው ቢመለስ፣ ቆየት ያለው ሁሉ ወፍ መሆኑ ይታወቅበታል። ስለዚህ ሁሉንም እኩል ያቆሙታል። የሚናገረው የሌለውን ሰው ስለ ላሙ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጁ ሳል ይጠይቁታል። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ወፍ ይመስላል። እኔ ተራ ሲደርሰኝ «ምን ብዬ ላቆየው?» ብዬ ስጨነቅ «አብሽር፣ አዝመራ የሌለው ሰው የለም» ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ወፍ ታመለክታለች እንጂ አትፈርድም። አንድ ጊዜ በከላላ በኩል ጥማድ በሬ ጠፍቶ ወፍ አንድ ሰው ጠቆመችን። እኔ ቤቱን ልፈትሽ ስሮጥ ሃምሳ አለቃ ወደ ወንዝ ወረዱ። «ሌባ ሥጋውን ይበላል፣ ቆዳውን ይቀብራል፣ ፈርሱን ግን ይንቀዋል። ፈርስ ፈልግ» አሉኝ። ከሰውየው ቤት በታች ቁጥቋጦ ውስጥ የበሬው ፈርስ ተደፍቶ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ሽማግሌ ይዘን ቤቱ የገባነው። ያለ ሁለት ሽማግሌ የተደረገ ፍተሻ ለሳቸው ፍተሻ አልነበረም። «ፖሊስ ብቻውን ያገኘውን ዕቃ ፖሊስ ብቻውን ሊያስቀምጠው ይችላል» ይላሉ።

ክፉው ቀን የመጣው እንዲህ ስንሠራ ነው። ረሃቡ በኛ በኩል ከምሥራቁ ይልቅ ቀለል ያለ ስለነበር ከዚያ የተፈናቀለው ሕዝብ ሽቅብ ወደኛ ጎረፈ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ በየመንገዱ ዳር ሰው ስንቀብር ነበር፤ ከሥራችን ሁሉ ያኔ ለሰው የጠቀመው ያ ብቻ ነው። ከመጡት መሐል ሙሄና ሚስቱ ዘይነባ ይገኙበታል። ልጅ መንገድ ላይ ቀብረው ነው የደረሱት። ሌላው ዝናብ ሲጥል ወደ አገሩ ሲመለስ እነሱ ቀሩ። ሙሄ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ማንም ያልፈለጋትን ድንጋያማ ቁራጭ ለምኖ ድንጋይዋን በእጁ ለቀመ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበሩ ያችኑ መሬት በስሙ አደረገለት። ገበያ ቀን ሲያገኘኝ ስለ ድንጋዩ ሳያወራኝ አያልፍም።

አብዮቱ የገበሬ ማኅበርን ካቆመ በኋላ ለየማኅበሩ አብዮት ጠባቂ ተመረጠና ጠመንጃ ታደለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የዚያች መንደር ጥበቃ አዛዥ ዘውዱ የሚባል የጭሰኛ ልጅ ነው። አባቱ በባለርስቱ ሰዎች ተደብድቦ እኛ ጣቢያ አቤት ሲል ሰሚ አላገኘም። እኛ ፖሊሶች የባለርስቱን አቤቱታ ተነስተን ተቀብለን፣ የጭሰኛውን በበር ነበር የምንሰማ። ዘውዱ ያን አልረሳም፤ መርሳትም አልነበረበትም። ያ ልጅ ጠመንጃ ሲይዝ እኔም ፍትሕ ቆላ ደጋውን ሊዳረስ ነው አልሁ።

ነገሩ እያሳሳቀ ወሰደን። ጥበቃዎቹ መጀመሪያ ገበያ አስከበሩ፣ ቀጥሎ የሰከረ አሰሩ፣ ቀጥሎ የሰደባቸውን አሰሩ። ከዚያ በግ ማስቀጣት መጣ፤ ከዚያ ግርፋት። ሰው ወደኛ ሮጦ ሲመጣ እኛ ከበላይ የታዘዝነው አብዮት ጠባቂ በሚሠራው ሥራ እንዳንገባ ነው። ቀስ በቀስ ጣቢያችን ሰው አይመጣበትም። በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን እንውል ነበር፤ ሃምሳ አለቃ መፋቂያቸውን እያኘኩ «ሥራ የሌለው ፖሊስ ማለት ሰላም ማለት ነበር፤ አሁን ግን እኔንጃ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከመንደሯ የማኅበር ቤት ጠመንጃ ጠፋ። ዘውዱ ወደ ጣቢያው መጣ፤ ተቆጥቷል፣ አፍሯልም። አውጫጭኝ እንዲደረግ ፈለገ፤ ሕዝቡ ግን ለሱ አይናገርም። «አባባ እንድሪስ፣ እርስዎን ያምናል። ይምጡልን» አለ። ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ሂደው የማኅበር ቤቱን በር አዩ። መቆለፊያው ከውጭ ጭረት የለበትም፤ መሸጎሪያው የተነቀለው ከውስጥ ነው። ከውስጥ የሚያድሩት ጥበቃዎቹ ብቻ ናቸው፤ ያን ሌሊት ተረኛው ደግሞ ፈንታው የሚባል የዘውዱ ሚስት ወንድም ነበር።

«እንግዲህ አውጫጭኙ ለምን?» አልኋቸው ስንመለስ።

«በሩ አመልክቷል እንጂ አልፈረደም። ደግሞ እኔ እምቢ ብል ራሳቸው ያደርጉታል። እነሱ ሲያደርጉት አስበው» አሉ።

ሜዳው ላይ ትልቅ የብሳና ዛፍ ነበር። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ማለ። ሃምሳ አለቃ ጠመንጃቸውን ሰቀሉ። ጥበቃዎቹንም ጠመንጃቸውን እንዲሰቅሉ ጠየቋቸው፤ ሳቁ እንጂ አልሰቀሉም፤ ዙሪያውን ከበው ቆሙ። የመጀመሪያው ሰው ብሳናው ሥር መጥቶ በጆሯችን «ሙሄ» አለ። ሁለተኛው ስለ አዝመራው ተናግሮ ሄደ። ሦስተኛው «ያ መጤው» አለ። ሌላው መጣና በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ያንኑ ተናገረ። ዓይናችንን ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ ነው። ማታ ጥበቃዎቹ በየቤቱ ዞረው ስሙን እንዳስጠኑት ገባን። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠመንጃው የአንድን ሰው ስም ይፈልጋል፤ እነሱም ዘመድ የሌለውን፣ የሚበቀልለት የሌለውን ሰጡ።

ሙሄም ራሱ ተራው ደርሶ ብሳናው ሥር ቆመ። ሌላው እንደቆመው ያህል ቆየና ሄደ። ምን እንዳለ በቦታው እጽፋለሁ።

ሲያልቅ ሃምሳ አለቃ ተነስተው «ዛሬ ወፍ አልተናገረችም» አሉ። ዘውዱ «እኛ ሰምተናል» አለና ሙሄን አስያዘው። ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች፤ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ሃምሳ አለቃ እግር ሥር አነጠፈች። ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው «ለዚህ ሰው ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ዘውዱ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማ፦ ሙሄ ማኅበር ቤት ይቆያል፤ ሃምሳ አለቃ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ እኔ ሂጄ እፈትሻለሁ። የማንን ቤት እንደምፈትሽ አልነገሩትም። ለኔ ብቻ «ፈንታው ዘንድ፤ ክምሩን እይ። ዝናብ የመታው ጭድ ይጠቁራል፣ ከውስጥ የወጣ ግን ቢጫ ነው» አሉኝ።

የፈንታው ቤት ደጃፍ ስደርስ የጭዱን ክምር ከሩቅ አየሁት። በስተጓሮ በኩል እጅ የገባበት ቢጫ ቀዳዳ አለ። ግን ሽማግሌ የለኝም። ቄሱን ሜዳው ላይ ስለነበሩ ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ ሸሁ ግን ለሰላት ወደ ቤታቸው ከወንዝ ማዶ ሄደዋል። አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ አይደለም። ሸሁን እንዲጠሩልኝ ሰው ላክሁና ክምሩ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እጄን ብሰድ ጠመንጃውን እነካው ነበር። አልሰደድሁም። ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው፤ ደግሞም ልክ ነው፤ ብቻዬን ባወጣው ዘውዱ «አንተ ያስቀመጥኸው ነው» ባለኝ ነበር።

ሸሁ መጡ። ክምሩን ቀደድን፣ ጠመንጃው ወጣ። ሰደፉ ላይ ያለው ቁርጥ ምልክቱ ሁሉ ይታያል። ቄሱም ሸሁም እጃቸውን ጭነው መሰከሩ። በአገልግሎቴ ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ ፍተሻ አድርጌ አላውቅም።

ሸሁን የጠራው ሰው ግን መንገድ ላይ ለጠየቀው ሁሉ ሸሁን ለፈንታው ቤት ፍተሻ ሊጠራ መሄዱን ተናግሯል። ወሬው ከኔ ቀድሞ ማኅበር ቤት ደረሰ። ፈንታው ይኸን ሰምቶ «እስረኛው ሽንት ሊሸና ነው» ብሎ ሙሄን ወደ ጓሮ ወሰደው። ሃምሳ አለቃ ሲነሱ ሌላው ጥበቃ በአፈ ሙዝ መለሳቸው። ተኩሱን የሰማሁት ዳገቱን ስወጣ ነው። «ሊያመልጥ ሲል» ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እኔ ጠመንጃውን ተሸክሜ፣ ምስክሮቼን አስከትዬ ደረስሁ። ሃምሳ አለቃ ያለ ኮፍያቸው መሬት ላይ ተቀምጠው የሙሄን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገውት አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አገኘኸው?» አሉ። «አዎ» አልሁ። «ደግ» አሉ።

ዘውዱ ጠመንጃውን አገላብጦ ምልክቱን አየ። ፊቱ ሲገረጣ አይቻለሁ፤ ስለ ፈንታው አላወቀም ነበር። ያን ጊዜ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰው ግን በሠራው ሲያፍር አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ይብስበታል። ዘውዱ ባሰበት። በሳምንቱ እሱና ጥበቃዎቹ፣ ሙሄ ብሳናው ሥር ቆሞ ጎረቤቶቹን ሁሉ በጸረ አብዮትነት ጠቁሟል የሚል ወሬ ነዙ፤ በዚያ ሰበብ የጠሏቸውን ሰዎች አሰሩ። «ማን ነገራችሁ?» ሲባሉ «ወፍ ነገረን» ይላሉ። የማን ወፍ ተብሎ አይጠየቅም፤ ወፍ አትጠየቅማ። ሰውን ስንከልልበት የኖርንበት ምስጢር የነሱ መደበቂያ ሆነ። ውሸት ነው ለማለት ደግሞ እኔም ሃምሳ አለቃም መሐላችንን ማፍረስ ነበረብን። ለአንድ ሰው ካፈረስነው፣ ያኔ በጆሯችን የተናገሩትን ሁሉ ስም የሚጠይቀን ይመጣል። ጠያቂውም ባለ ጠመንጃ ነው። ዝም አልን። ዘይነባ የሰላይ ሚስት ተብላ ከጎረቤት እሳት እንኳ የማትጫር ሆነች።

ስለ ግድያው የላክነው ወረቀት «አብዮታዊ እርምጃ ስለሆነ ይዘጋ» ተብሎ ተመለሰ። ሃምሳ አለቃ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታቸውን ጠየቁ። ሲሰናበቱኝ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው «ጌታነህ፣ ሥርዓቱ ልክ ነው። ሥርዓት ግን የሚሠራው ሁሉም ጠመንጃውን ሲሰቅል ነው። ይኸን እያወቅሁ ሄድሁ፤ ወላሂ፣ የሚቆጨኝ እሱ ነው» አሉኝ። እኔም የሚቆጨኝ አለ። ያ ቢጫ ጭድ በሕልሜ ይመጣል። እጄን ብሰድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ የማላውቀው ነገር ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥበቃዎቹ ጸጥታ ሊያስከብሩ ነበር የታጠቁት። ማንም ያልጠየቀው ፈንታው የታደለውን የመንግሥት ጠመንጃ እንደያዘ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ሽፍታ ሆነና ከከላላ ገበያ የሚመለሰውን ሰው ይገፍ ጀመር። የተገረፉት ሰዎች ልጆችም ወደዚያው ወረዱ፤ እነሱን ሊያሳድድ ዘውዱ ተጨማሪ ጎረምሳ አስታጠቀ፤ ከነዚያም ግማሹ ከነመሣሪያው ከዳ። እኔ መጀመሪያ መካነ ሰላም ስደርስ በአንድ በቅሎ ብቻዬን የምሄድበት መንገድ፣ በኋላ በጭፍራ የማይኬድበት ሆነ። ዘውዱም አንድ ቀን ለአሰሳ ቆላ ወርዶ ቀረ። እናቱ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ አዘንሁ።

እኔ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሬ ብዙ ዘመን ካገለገልሁ በኋላ ለጡረታ ስቃረብ መካነ ሰላም መለሱኝ። ያኔ በዚያችው መንደር የአንድ ድሃ ጥማድ በሬዎች ጠፉ። አለቃዬ አውጫጭኝ የሚባል ነገር ከአባቱ ሰምቶ ኖሮ «ባሻ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለኝ። ሜዳው ያው ነው፣ ብሳናው አርጅቷል። ሰዉ መጣ። እየመጣ አጠገቤ ይቆማል፣ «አላየሁም አልሰማሁም» ይላል። አዛውንቱም እንደዚያ፣ ያኔ ያልተወለደውም እንደዚያ። ሜዳ ሙሉ ሰው አንዲት ወፍ አልነበረውም። እኔም ስለ ላም ስለ አዝመራ እየጠየቅሁ አቆየኋቸው፤ ሌላ የማውቀው የለማ።

ከባልቴቶቹ መሐል ዘይነባ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል።

«ላሟ እንዴት ናት?» አልኋት።

«ላም የለኝም ባሻ። እርስዎም ስለ ላም ሊጠይቁኝ አይደለም፣ እኔም ስለ በሬ ልነግርዎ አይደለም» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ ማን የሙሄን ስም እንደጠራ አልጠይቅዎትም። አውቃቸዋለሁ። በሽምግልናቸው መሬቴን እየመጡ ያርሱልኛል፤ ለምን እንደሚያርሱልኝ አይነግሩኝም፣ እኔም አልጠይቃቸውም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሙሄ እዚህ ሲቆም ማንን ጠራ? ሰው ሁሉ ‹ጎረቤቱን አስበላ› ሲለው ኖረ። እኔም አንዳንድ ቀን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈርቶ ይሆን እላለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ከሞቱ ቆይቷል። ሙሄ ያለውን የሚያውቀው እኔና ብሳናው ብቻ ነን። መሐላዬን ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄው ነበር።

«ማንንም አልጠራም» አልኋት። «የሚያውቀው ነገር እንዳለ ሃምሳ አለቃ ሲጠይቁት ‹እንግዳ ነኝ፣ ባበላኝ አገር ሰው ላይ አልናገርም› አለ። ከዚያ እስኪበቃው ድረስ ስለ ምስሩ ነበር የሚያወራን። ድንጋይዋን ለቅሜ ምስር ዘርቼባት፣ ዝናቡ ዘገየ፣ እንጃ መብቀሏን እያለ።»

የሙሄ ጎጆ ከፈንታው ጓሮ ትይዩ ነበር። አይቶ ይሁን ሳያይ፣ አላውቅም። ይኸን አልነገርኋትም።

ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«በቅላ ነበርኮ» አለችኝ። «ከአርባው በኋላ ሄጄ ሳያት ምስሯ በቅላ ነበር። ብቻዬን ነው የሰበሰብኋት።»

ሌላው ሰው ከሚቆመው ሦስት እጥፍ ቆማ ነበር፤ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ እያያት ነው። ስትሄድ ቀጣዩን ጠራሁ፤ እሱንም እሷ የቆመችውን ያህል አቆምሁት። ከኋላዋ የመጡትን ሁሉ እንደዚያው አቆምኋቸው። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ስለ ላም፣ ስለ ልጅ ሳል፣ ስለ ምስር እየጠየቅሁ ዋልሁ።